ጋሽ አሰፋ ያልባረካት ዶሮ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት ነገር ቢኖር ትምህርት ቤት እያለሁ መምህሩ ሲያነብ የገለበጥኩት ነው፤ እሱም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ቃሉ ቢጣመም፣ ነገሩ ቢዘበራረቅ አትፍረዱብኝ። በአፌ ልናገረው ብችል ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሰው ዓይን ዓይኔን ካየኝ ቃል ይጠፋኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚሁ ነኝ። ይህ የምጽፈው ነገርም የደረሰው በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ነው።

ያስነሳብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ዶሮ ነጭታ የቀረውን ላባ በእሳት ስትለበልብ ሽታው በመስኮቴ ገባ። ሌላ ሰው ይህ ሲሸተው በዓል ይታወሰዋል፣ ምራቁ ይመጣል። እኔ ግን ንድድ አልኩ። መስኮቱን በኃይል ስዘጋው ጎረቤቴ ሰምታ፣ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ «ምንም» ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ካርቱም፣ ሳጃና ውስጥ፣ አምስት ክፍል ባለው ሆሽ እንኖር ነበር። ሆሽ እዚያ ግቢ ማለት ነው፤ መሐሉ አሸዋ፣ ዙሪያው የጭቃ ግንብ፣ ለሁሉም አንድ ቧንቧ። የደቡብ ሱዳን ሰዎች ወደ አዲሱ አገራቸው ሄደው ሰፈሩ የሳሳበት ጊዜ ነበር፤ እነሱ የለቀቁትን ክፍል ሐበሾች ይይዙት ነበር። የእኛ ክፍል ከቧንቧው አጠገብ ያለችው ናት።

«የእኛ» ስል የእኔና የአክስቴ ዘይነባ ማለቴ ነው። እናቴ ጽጌ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር፣ አባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ተቀጥራ እዚያው ነበር የምታድረው። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ዓርብ ኢጃዛ፣ ዕረፍት ማለት ነው፣ ይሰጧታል፤ ጠዋት መጥታ ማታ ትመለሳለች። አባት የሚባል ሰው ቤታችን ውስጥ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አክስቴ ዘይነባ የሥጋ አክስቴ አይደለችም። የወሎ ሴት ናት። ከእናቴ ጋር በአንድ ጭነት መኪና በመተማ በኩል የገቡ ናቸው፤ ያኔ እኔ በእናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ግማሽ ቀን ቤት ታጸዳና ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ትመለሳለች። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ትምህርት ቤት ተጠርታ የምትመጣው እሷ፣ ሲያመኝ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ የምትቀያይረው እሷ ናት። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ አማትባለሁ፤ በአንዲት ክፍል፣ እሷ ወደ ቂብላዋ ዞራ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ወዳለችው ማርያም ዞሬ። ይህ ይገርማል ብሎ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አልገረመኝም።

የምንለያየው ሥጋ ላይ ብቻ ነበር። ሙስሊም ያረደውን እኔና እናቴ አንበላም፤ ክርስቲያን ያረደውን እሷ አትበላም። በካርቱም ገበያ የሚንጠለጠለው ሥጋ ሁሉ ለእሷ ይሆናል፣ ለእኛ አይሆንም። እሷ ግን እኔ እያየኋት ብቻዋን መብላት ስለከበዳት ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ወደ ቤት አታመጣም ነበር። ለእኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ልዩነቱ እንስሳው ውስጥ ያለ ነበር የሚመስለኝ። ነጭ በግና ጥቁር በግ እንደሚባለው የክርስቲያን ዶሮና የሙስሊም ዶሮ ያለ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዓርብ እናቴ መጣችና ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ዘንድሮ ፋሲካን ቤቴ ነው የምውለው። መዳም እሺ ብላኛለች» አለች። ሦስት ፋሲካ ከእኛ ጋር አልዋለችም ነበር። እናቴ መጻፍና ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ከደብተሬ ቅጠል ቀደድኩና አልጋው ላይ ተቀምጠን የምግቡን ነገር ማቀድ ጀመርን።

«ጻፊ። አንድ ዶሮ። ወፍራም።»

«ካርቱም ውስጥ ወፍራሞቹ መዳሞቹ ብቻ ናቸው» አለች አክስቴ ዘይነባ እግሯን እያሸች።

«አንቺ ዝም በይ። ስድስት እንቁላል ጻፊ።»

«ለሦስት ሰው?»

«ሁለት ሁለት ነዋ! አንቺስ አትበዪም?»

«ከዶሮዋ ጋር አብሮ የበሰለውን ልታበዪኝ ነው እንዴ ጽጌ? ወላሂ፣ ጀነቴን በሁለት እንቁላል ልትለውጪብኝ!»

እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሰበች። «ቁሌቱን አንድ ላይ እንሥራው። ሽንኩርቱ በርበሬውን ጠጥቶ ሲበስል፣ ዶሮዋ ሳትገባ፣ እኩሌታው በትንሿ ድስት ይቀነስ። የአንቺ በእንቁላል ብቻ ይሆናል። ቅቤው አንድ ነው፣ በርበሬው አንድ ነው። ምን ይቀርሻል?»

«ምንም አይቀረኝ።»

«በትንሿ ድስት፣ አክስቴ» ብዬ ጻፍኩ። ሽንኩርት ሦስት ኪሎ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት። ቅቤው ከአገር ቤት በሰው እጅ፣ በወተት ቆርቆሮ የመጣ ነበረ። እንጀራውን በአጥራችን ጀርባ ካለችው ሴትዮ እንገዛለን። ወረቀቱ ሲሞላ እናቴ ተቀብላኝ ገለባብጣ አየችው፤ ማንበብ እንደሚችል ሰው።

«የሚባርክልን ሰውስ?» አለች አክስቴ ዘይነባ።

ዕቅዱ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነበር። ሴት አታርድም። የሚያርደው ክርስቲያን ወንድ መሆን አለበት። በሆሻችን ደግሞ ለበዓል ቢላ የሚይዘው ጋሽ አሰፋ ነበር። ከበሩ አጠገብ ባለው ክፍል ይኖራል፤ አል-ጣኢፍ የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነው። ቢላውን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ራስጌው ስር ያስቀምጣል፤ ሲለምኑት ደስ ይለዋል፤ በተለይ ቆመው ሲለምኑት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«እንግዲህ ጽጌ» አለ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ «ቤትሽ ለሁለት ጌታ የሚያድር ነው። ዶሮሽን የትኛው ይባርክልሽ?»

እናቴ ሳቀች። የሳቀችው ስለምትፈልገው ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ የእግሩን ተረከዝ እያየሁ እንዲሰነጠቅ ተመኘሁ።

«ቀልዴን ነው» አለ። «ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። አስራችሁ ጠብቁኝ። ካለሁበት እመጣለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ከአክስቴ ዘይነባ ጋር ዶሮ ልንገዛ ወጣን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነበር። ሻጩ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነው፤ ዶሮዎቹን በሽቦ ቤት ውስጥ አጭቆ ውሃ ይረጫቸዋል። አክስቴ ዘይነባ አንዷን ቀይ መርጣ ስትይዝ ቶቧን፣ የተከናነበችውን ረጅም ጨርቅ፣ ጎተትኩና በጆሮዋ፣ «ክርስቲያን መሆኗን ጠይቂልኝ» አልኳት።

አሰበችና፣ እግዜር ይስጣት፣ ጠየቀችው።

ሽማግሌው ዶሮዋን አንሥቶ ከክንፏ ስር፣ ከጭራዋ ስር ፈተሻት። «ወላሂ» አለ በዓረብኛ፣ «መታወቂያዋን እቤት ረስታ መጥታለች!» በዙሪያው ያሉ ሁሉ ሳቁ። እኔ ቶቧ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። አክስቴ ዘይነባ ዕንባዋ እስኪመጣ ስቃ፣ መንገድ ላይ ግን እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «ዶሮ ሃይማኖት የላትም ሆዴ። ሃይማኖቱ ያለው በሚያርዳት ሰው አፍ ነው።»

ይህን ቃል ይዤ ቀረሁ። አፍ እኔም አለኝ ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ፣ በስቅለት፣ እናቴ ደወለች። መዳም እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ አለብኝ ብላለች። እናቴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መጥታ ቀትር ላይ መመለስ አለባት። «እንደዚያም ቢሆን እበላለሁ ብርቄ፣ አትዘኚ» ስትለኝ ከኋላዋ ሕፃን ልጅ «ጽጌ! ጽጌ!» እያለች ትጮሃለች። የመዳም ልጅ ናት። እናቴ ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ «ጃያ ሐቢብቲ፣ ጃያ» አለቻት፤ መጣሁ ፍቅሬ፣ መጣሁ ማለቷ ነው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጠኝ ድምፅ፣ ያቺ ልጅ በየደቂቃው ስትጠራ ታገኘዋለች። ስልኩን ለአክስቴ ሰጠሁና ወጥቼ የሆሹን ግንብ በቡጢ መታሁት። ጭቃው ትንሽ ተፈረፈረ።

እናቴ ወደዚያ ቤት የምትመለሰው ልጅቷን ስለምትወድ፣ ምግቡም ስለሚጣፍጣት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ስለዚህ ቆረጥኩ፦ ወጡ ከጣፈጣት አትመለስም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ዶሮዋና ጋሽ አሰፋ። ዶሮዋ የአልጋው እግር ላይ ታስራለች።

ቅዳሜ መብራት አልነበረም። ሽንኩርቱን ከአክስቴ ጋር ከትፈን ጨረስን፤ ዓይናችን አብጦ እርስ በርሳችን እየተያየን ሳቅን። ቁሌቱ ቀስ እያለ በሰለ። በወረቀቱ መሠረት እኩሌታውን በትንሿ ድስት ቀነስን፣ ክዳን ደፋንበት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሲሆን አክስቴ ዘይነባ ስልኩን ሞከረች፤ ተዘግቷል። የቀሩትን ክፍሎች አንኳኳች፤ ክርስቲያኖቹ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሌሎቹ እንደ እሷው ሙስሊሞች ናቸው። አንዱ የጅማ ሰው፣ «እኔ በደስታ ባርድላችሁ፤ ግን አትበሉልኝም» ብሎ አዘነልን።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ራክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ባለፈ ቁጥር እሱ ይሆናል እላለሁ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠብቄ አላውቅም፤ ሰውንም እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

«አብሽሪ» አለች አክስቴ ዘይነባ ቶቧን እየተከናነበች። «ከአስፋልቱ ዳር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ለበዓሉ በግ ያሳርዳል አሉ። እዚያ ነው የሚሆነው። ሄጄ ጎትቼ አመጣዋለሁ።»

ሄደች። ፀሐይዋ ግንቡ ላይ ደረሰች። ቆየች። እኔ ዶሮዋን አየኋት፣ ዶሮዋም አየችኝ። አሁን ካልታረደች መቼ ትነጫለች፣ መቼ ትታጠባለች፣ መቼ ትበስላለች? እናቴ በፋሲካ ሽሮ በልታ «ጃያ ሐቢብቲ» ልትል ትሄዳለች።

የሽንኩርቱን ቢላ አነሣሁ።

እንዴት እንደሚደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ክንፎቿን በግራ እግሬ፣ እግሮቿን በቀኝ እግሬ ረገጥኩ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» አልኩ፤ እንዳይጎድል ብዬ ሦስት ጊዜ አልኩት። ሰው ስለሌለ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ቢላው ግን ደንዞ ነበር። ስገዘግዝ አመለጠችኝና አንገቷ ተንጠልጥሎ በሆሹ አሸዋ ላይ ሮጠች፤ እኔ እያለቀስኩና እየተሳደብኩ ከኋላዋ። የተሳደብኩት እሷን አልነበረም። ጋሽ አሰፋን ነው፣ መዳምን ነው፣ ያቺን ልጅ ነው። ቧንቧው ስር ያዝኳትና ጨረስኩ።

አክስቴ ዘይነባ ብቻዋን ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ደሙን አየች፣ ቀሚሴን አየች።

«ማን ባረከልሽ?» አለችኝ።

«ጋሽ አሰፋ። አሁን መጥቶ ሄደ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ቶቧን አወለቀች፣ ባልዲ አመጣችና እጄ ላይ ውሃ አፈሰሰች፤ በጥፍሬ ውስጥ ያለውን ሳይቀር በጣቷ አወጣችልኝ። «እሺ» አለች። «እንግዲያስ ውሃ እናፍላ።» አመነችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ልጅ ሞኝ ነው። ዶሮዋን ነጨናት፣ በእሳት ለበለብናት፣ በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ አጠብናት። አክስቴ ብልቱን አወጣች፤ ወጡን ግን እንድቀምሰው ለእኔ ነበር በማንኪያ የምትሰጠኝ፤ እሷ አልቀመሰችም።

እሑድ ጠዋት እናቴ በራክሻ መጣች። የሰው ቤት ሳሙና ትሸታለች። ነጠላዋን ለበሰች፣ ሦስታችን በመሶቡ ዙሪያ ተቀመጥን፣ አክስቴ ትንሿን ድስት ከፊቷ አድርጋ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመች እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይህንን ማን ሠራው?»

«ብርቄ ናት» አለች አክስቴ ዘይነባ። «እኔ በሽንኩርት አለቀስኩ እንጂ ምን ሠራሁ።»

እናቴ መላላጫውን ፈልፍላ አጎረሰችኝ። «እንዲህ ያለ አገሬም አልበላሁ» አለች። አሸነፍኩ አልኩ በልቤ። አትሄድም።

«እንኳን አደረሳችሁ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጋሽ አሰፋ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ነጭ ጋቢ ደርቧል።

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ይግቡ ጋሽ አሰፋ፣ የባረኩትን ይቅመሱ። እጅዎ ይባረክ» አለች እናቴ ቦታ እየለቀቀች።

«የትኛውን እጄን?» አለ። «እኔማ ለትናንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ዘይነባ ምግብ ቤቱ ድረስ መጥታ ጠርታኝ ነበር። በጉ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ሰዎቹ ተቀመጥ አሉኝ። ጥለሃቸው ሂድ ይባላል? ነገ ይሆናል ብያት ነበር እኮ።» ከዚያ ድስቱን አየ። «ለመሆኑ ማን አረደላችሁ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴ ዘይነባ «ጋሽ አሰፋ» ስላት ከእሱው ዘንድ መምጣቷ ነበር። ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ጋሽ አሰፋም ዞረ። ሁለቱ ሲያዩኝ ቃሉ ሁሉ ጠፋ። ሦስት ጊዜ አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን የጠራው አፌ አልከፈት አለ። ጋሽ አሰፋ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ አክስቴ ዘይነባ አዞረ፤ እናቴም ዓይኑን ተከትላ ዞረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጽጌ» አለች አክስቴ ዘይነባ።

እናቴ ተነሥታ ወደ ቧንቧው ሮጠች። አፏን ተጉመጠመጠች፤ ደጋግማ፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ እየከተተች። ስትመለስ ፊቷ የእናቴ አልነበረም። «አሥራ አንድ ዓመት አብሬሽ በላሁ! ልጄን ሰጠሁሽ! በጾሜ ትቀልጂብኛለሽ? ቤቴን ለቀሽ ውጪልኝ!»

«እኔ እኮ ብዬ ነበር» አለ ጋሽ አሰፋ ቁጭ ብሎ። «ለሁለት ጌታ የሚያድር ቤት…»

ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ያልመጣው ሰው ዳኛ ሆነ። ለምን አልመጣህም ብሎ የጠየቀው የለም። ቃሉን በበግ ጥብስ የሸጠ ሰው ጋቢውን ደርቦ በፋሲካችን ላይ ፈረደ፣ «ለውሻ ስጡት» ብሎ አዘዘ፣ እናቴም እሺ አለችው። እሷም አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምናለበት? እጄን ብታየው ምናለበት? ከሁሉ ግን የሚያናድደኝ የዚያች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አፍ ነው። ቢከፈት ኖሮ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አስቀድሜ ልናገር። እናቴ እስከ ቀትር አልጋው ላይ እኔን አቅፋ ተቀመጠች። ጸጉሬን ደባበሰችኝ፣ አለቀሰች፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺን እንኳን አተረፈልኝ» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አቅፋኝ አታውቅም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሄደች። አክስቴ ዘይነባ ኦምዱርማን ዘመዷ ጋ ገባች አሉ፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ወሎ ተመለሰች አሉ። ዳግመኛ አላየኋትም። ለእናቴም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይህን ወረቀት ሰው እንዲያነብላት አደርጋለሁ።

አሁን የበሩን ልናገር። አክስቴ ዘይነባ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ስትወጣ እናቴ፣ «ጫማዋን ስጫት፣ ምንም እንዳይቀርላት» ብላ ላከችኝ። ሮጬ በሆሹ በር ደረስኩባት። ጫማውን ሰጠኋት። ዙሪያችን ሰው ስላልነበረ አፌ ተከፈተልኝ፤ «ያረደችው ብርቄ ናት በያት! ለምን ዝም አልሽ? አሁን ሄጄ እነግራታለሁ!» ብዬ ጮህኩባት። በእጇ አፌን ያዘችው። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«እናትሽ ያላት እስከ ቀትር ነው። በእኔ ላይ ትቆጣ፤ አንቺን ተቆጥታ እንዳትሄድ።»